አጭሩ መንገድ ለማን ነው?

የምኖረው ቦሌ ሚካኤል ነው። ሠፈራችን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ የሚያርፈውና የሚነሣው አውሮፕላን ድምፅ ከማለዳ እስከ ሌሊት አይለየንም። ወንድሙን፣ እኅቱን ወይም ልጁን ወደ ባሕር ማዶ ያልሸኘ ቤተሰብ ማግኘትም ያስቸግራል። ከዚህ የተነሣ ስለ ውጭ አገር ትምህርት የሚነገር ወሬ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጎረቤቴ ቤት የመጣው ጥያቄ ግን እንደ ሌላው ወሬ ሰምተው የሚያልፉት አልነበረም።

ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ሱቁ ውስጥ ማጉያ መነጽሩን በአንድ ዓይኑ ላይ አድርጎ፣ ወረንጦውን በጣቶቹ ይዞ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ብሎኖችን ሲፈታና ሲያጠብቅ ይውላል። የመጀመሪያ ልጁ በዚያን ጊዜ የዐሥረኛ ክፍል ትምህርቷን በማገባደድ ላይ ነበረች። አሜሪካ የምትኖር አክስቷ አንድ ቀን ስልክ ደወለች። በዚያ አገር የመጀመሪያ ዲግሪንና የጥርስ ሕክምናን አጣምሮ በአጭር ጊዜ የሚያስተምር መርሐ ግብር መኖሩን፣ ልጅቷ በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከፍ ያለ ውጤት ካመጣችም የወጪዋን ከፊል ለመቻል እንደምትሞክር ነገረቻቸው። አባት ተደሰተ። እናት ዝም አለች። ልጅቷ ግን ከሦስት ቀን በኋላ ደብተሯን ይዛ ወደ ቤቴ መጣች።

«ጋሼ፣» አለችኝ፤ «አባዬ ‹የመጣ ዕድል አይገፋም› ይላል። እማዬ ደግሞ ‹ገና ልጅ ናት› ትላለች። እኔ ግን የጥርስ ሐኪም መሆን እፈልግ እንደሆነ እንኳ ለይቼ አላውቅም። የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልወስን?»

በዚያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠኋትም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩን ደጋግሜ አሰብሁበት። ጥያቄዋ የእርሷ ብቻ እንዳልሆነም ተረዳሁ። ከእናንተ ከዘጠነኛና ከዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ስለ አሜሪካ ትምህርት የሚያስብ ጥቂት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ዐሥረኛ ክፍልን የሚያጠናቅቅ ተማሪ ሁሉ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም ማኅበራዊ ሳይንስን መምረጡ አይቀርም። ይህም ራሱን የቻለ ቅድሚያ ውሳኔ ነው። ስለዚህ «ቶሎ መወሰን ይሻላል ወይስ ቆይቶ?» የሚለው ጥያቄ የሁላችሁም ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ አጭሩ መንገድ የሚባለው ምን እንደሆነ በትክክል መረዳት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የጥርስ ሐኪም ለመሆን የሚሻ ሰው በተለመደው አካሄድ አራት ዓመት ያህል በኮሌጅ ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይቀበላል። ከዚያም ተወዳድሮ ወደ ጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ይገባና ሌላ አራት ዓመት ይማራል። ድምሩ ስምንት ዓመት ነው። በተጣመረው መርሐ ግብር ግን ተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ፈጸመ ለሁለቱም ትምህርቶች በአንድ ጊዜ ይመረጣል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት በኮሌጅ፣ አራት ዓመት በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት ተምሮ በሰባት ዓመት ይጨርሳል። በእንዲህ ዓይነቱ አካሄድ የመጀመሪያ ዲግሪውን በአብዛኛው የሚቀበለው የጥርስ ሕክምናውን አንደኛ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው፤ ይኸውም ያ ዓመት ለጎደለው የኮሌጅ አራተኛ ዓመት ስለሚቆጠርለት ነው። ቦታው የተጠበቀለት ቢሆንም የተወሰነለትን አማካይ ውጤት ካልጠበቀ ዕድሉን ሊያጣ ይችላል።

ይህ አሠራር ለአክስቲቱ አዲስ ነገር መስሎ ታይቷት ይሆናል እንጂ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና የሚማር ተማሪ በቅድሚያ በሌላ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ እንዲይዝ አይጠየቅም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና አልፎ፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና የተጀመረውን የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወስዶ፣ በቀጥታ ወደ ሙያው ይገባል። በእንግሊዝ አገርም የጥርስ ሕክምና ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ በቀጥታ ተገብቶ በአምስት ዓመት የሚፈጸም ትምህርት ነው። በአንጻሩ ደግሞ አገራችን በ2004 ዓ.ም. በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን ሰዎች ተቀብሎ ሐኪም የሚያደርግ አዲስ የሕክምና ሥልጠና ጀምራ ነበር። እንግዲህ ሁለቱም መንገዶች በአገራችን የተሞከሩ ናቸው፤ አንዱን የነቃ፣ ሌላውን የዘገየ ብሎ መፈረጅ አይገባም።

አጭሩን መንገድ የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ አንድ ዓመት ማለት የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፣ የአንድ ዓመት ቀለብ፣ የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ማለት ነው። ከበታቿ ሦስት ታናናሾች ላሏት የሰዓት ሠሪ ልጅ ይህ የታናሽ ወንድሟ ደብተርና ጫማ ነው። ሁለተኛ፣ ቦታው አስቀድሞ የተጠበቀለት ተማሪ በየዓመቱ «እገባ ይሆን ወይስ እቀር?» እያለ ከመጨነቅ ይድናል። ሦስተኛ፣ የጥርስ ሕክምና የእጅ ሙያም ነው። የጠበበውን የጥርስ ሥር ማጽዳት፣ የተቦረቦረውን ጠርቦ መሙላት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስን ልክ አድርጎ ማስቀመጥ የሚለመደው በመጽሐፍ ብቻ ሳይሆን ደጋግሞ በመሥራት ነው። ቶሎ የጀመረ እጅ ቶሎ ይገራል።

ከሁሉም በላይ ችግረኛው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአፍና በጥርስ በሽታ ይጠቃል። በቦሌ አውራ መንገዶች ላይ የጥርስ ክሊኒክ ሰሌዳ በየጥቂት እርምጃው ይታያል። ከዋና ከተማውና ከትልልቅ ከተሞች ወጥቶ ወደ ገጠር ለሄደ ሰው ግን የጥርስ ሐኪም ማግኘት ከባድ ነው። ጥርሱን ያመመው ገበሬ ቅርንፉድ ነክሶ፣ ጉንጩን በጨርቅ አስሮ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ ያነጋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «ሐኪሞች ቶሎ ይውጡልን» ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ የሚቃወሙትም ሰዎች የሚሉት አላቸው። በመጀመሪያ፣ ሰው በዐሥራ ስድስትና በዐሥራ ሰባት ዓመቱ ራሱን ሙሉ በሙሉ አያውቅም ይላሉ። ለዚህም ከታሪካችን ምስክር አያጡም። ታላቁ ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1947 ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲያጠኑ ነበር። በዚያ ሳሉ የሥዕል ተሰጥኦዋቸው ጎልቶ ስለ ታየ ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ተዛወሩ። ዛሬ በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ብርሃን የሚያስገቡትን ባለቀለም መስተዋቶች የሚመለከት ሰው፣ ያ ወጣት ከተላከበት መንገድ መውጫ በር ባያገኝ ኖሮ ምን ይጎድለን እንደ ነበር ይገባዋል።

ለዚህ ግን ሌላው ወገን መልስ አለው። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ገና ሕፃን ሳሉ በመቅደላ ጦርነት ማግሥት በእንግሊዝ መኮንን ተወስደው በሕንድ አገር አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። የሕይወታቸውን አቅጣጫ በልጅነታቸው የወሰኑት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ሙያውንም የጀመሩት በለጋነታቸው ነው። ሆኖም በዚያ አልቆሙም፤ ወደ ስኮትላንድ ሄደው ዕውቀታቸውን አዳበሩ፤ ወደ አገራቸው ተመልሰው ሕሙማንን አከሙ፤ በኋላም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው አገራቸውን አገለገሉ። ስለዚህ ቶሎ መጀመር ብቻውን ሰውን ጠባብ አያደርገውም።

ተቃዋሚዎች የሚያነሡት ሁለተኛ ነጥብ የበሩ ጉዳይ ነው። ረጅሙን መንገድ የሚሄድ ተማሪ በአራተኛ ዓመቱ ላይ ሐሳቡን ቢለውጥ የመጀመሪያ ዲግሪው በእጁ አለ፤ መምህር፣ ኬሚስት ወይም ሌላ ባለሙያ ለመሆን መነሻ አያጣም። በአጭሩ መንገድ መሐል ላይ የቆመ ተማሪ ግን ሦስት ዓመት ተምሮ ገና ምንም ዲግሪ ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። በአገራችንም የሕክምና ትምህርት ጀምሮ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት የሚያቋርጥ ተማሪ ብዙውን ጊዜ እንደ አዲስ ለመጀመር ይገደዳል።

ሦስተኛው ነጥብ ገንዘብ ነው። በአሜሪካ የጥርስ ሕክምና ትምህርት እጅግ ውድ ነው፤ ተምረው የሚወጡ ሐኪሞች በአማካይ የሚሸከሙት ዕዳ ወደ 300 ሺህ ዶላር ይጠጋል። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ የተጣመሩ መርሐ ግብሮች ቅድሚያ የሚሰጡት ለአገሩ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ነው፤ የአገሩ መንግሥት የሚሰጠው የትምህርት ብድርም በተማሪ ቪዛ ለሚሄድ የውጭ አገር ሰው አይፈቀድም። በሌላ አገር የጥርስ ሕክምና ተምሮ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሐኪምም ፈቃድ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት እንደገና መማር ይኖርበታል። እንግዲህ በስልክ ሲነገር አጭር የሚመስለው መንገድ በእግር ሲሄዱበት የሚረዝምበት ጊዜ አለ።

የሁለቱን ወገኖች ሐሳብ ከመዘንሁ በኋላ በበኩሌ የደረስሁበት አስተያየት የሚከተለው ነው። አጭሩ መንገድ የትምህርቱን ዓመታት ይቀንሳል እንጂ ማወቅ የሚገባንን ነገር አይቀንስም። ረጅሙን መንገድ የሚሄድ ሰው ሙያውንና ራሱን እየሄደ ያውቃል፤ አጭሩን የሚሄድ ሰው ግን ያንኑ ከመነሣቱ በፊት ማወቅ አለበት። ስለሆነም አጭሩ መንገድ የሚገባው ለጎበዝ ተማሪ ሁሉ ሳይሆን ሥራውን አስቀድሞ በዓይኑ አይቶ ለወደደው ተማሪ ነው። ሥራውን ሳያይ ስሙን ብቻ ወዶ የገባ ሰው፣ አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዳሉት ይሆንበታል።

ስሙን ወዶ መግባት ስል ምን ማለቴ ነው? በአገራችን «ዶክተር» የሚለው ማዕርግ ትልቅ ክብር አለው። አባት በለቅሶ ቤትም ሆነ በሠርግ ቤት «ልጄ ዶክተር ናት» ብሎ ለመናገር ይጓጓል። ጉጉቱ የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በማዕርጉ የሚጠራት አባቷ ይሁን እንጂ ከጧት እስከ ማታ አንገቷን አቀርቅራ በሰው አፍ ውስጥ የምትሠራው ልጅቷ ናት። መግሉን የምታየው፣ ሽታውን የምትችለው፣ የሚያለቅሰውን ሕፃን የምታባብለው እርሷ ናት። የሚወሰነው ስለ ማዕርግ ሳይሆን ስለ እነዚህ ቀናት ነው።

ይህን አስተያየቴን ለጎረቤቴ ልጅ ስነግራት «እንግዲያውስ ሥራውን የት ሄጄ አያለሁ?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። አንድ የማውቀው የጥርስ ሐኪም አለ። ሄጄ አነጋገርሁትና ሕሙማኑ ፈቃደኞች እስከሆኑ ድረስ አንድ ቀን በክሊኒኩ ጥግ ተቀምጣ እንድትመለከት ፈቀደላት። በማለዳ ሄዳ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። በዚያው ዕለት ማታ ወደ ቤቴ መጥታ ያየችውን አጫወተችኝ።

መጀመሪያ የገባው አንድ ሾፌር ነበር። ሕመሙን ለሁለት ሳምንት ችሎ፣ ጉንጩ አብጦ ዓይኑን ሊደፍነው ሲል ነው የመጣው። ቀጥሎ የገባው ሕፃን ገና ወንበሩን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፤ ሐኪሙም መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ትንሿን መስተዋት ሰጥቶ አጫወተው። ሦስተኛዋ ከመቂ አካባቢ የመጣች ወጣት ናት። የሚያማት ነገር አልነበረም። ነገር ግን በተናገረችና በሳቀች ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ጥርሶቿ ቡናማ ናቸው። ሠርጓ ስለ ተቃረበ ይነጡልኝ እንደሆነ ብላ ልትጠይቅ ነው የመጣችው።

ሐኪሙ ለወጣቷ በትዕግሥት አስረዳት። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራዎች ከጕድጓድ የሚቀዳው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሕፃናት ቋሚ ጥርሳቸው ድዱ ውስጥ ሆኖ በሚሠራበት ዕድሜ ከዚህ እጅግ የበለጠ ፍሎራይድ ያለበትን ውኃ ለዓመታት ከጠጡ ጥርሳቸው ሲበቅል ጠቁሮና ተጎርብጦ ይወጣል፤ መጠኑ በጣም ሲበዛና ጊዜው ሲረዝምም አጥንትን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ጥርሱን በመፋቂያም ሆነ በሳሙና ቢያሹት አይለቅም፤ ምክንያቱም እድፍ አይደለም፤ ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው። ሐኪሙ ላዩን ሸፍኖ ሊያሳምርላት እንደሚችል ነገራት፤ ዋጋውንም ነገራት። ወጣቷ ዋጋውን ስትሰማ ዝም ብላ ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አደረገች።

የጎረቤቴ ልጅ ይህን ነግራኝ ጥቂት ቆየችና፣ «ጋሼ፣ ደሙን እፈራለሁ ብዬ ነበር፤ ደሙ ግን ምንም አላደረገኝም። ያሳሰበኝ የዚያች ልጅ ነገር ነው። የእርሷን ጥርስ አንድ ሐኪም ሊሸፍንላት ይችላል። ታናናሾቿ ግን ዛሬም ያንኑ ውኃ ይጠጣሉ። ውኃውን የሚያክመው የትኛው ትምህርት ነው?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ጥያቄ ተገረምሁ። አንድ ግማሽ ቀን በክሊኒክ ጥግ መቀመጥ እኔ በብዙ ቃላት ልነግራት የሞከርሁትን ነገር በራሷ ዓይን አሳያት። ውኃውን የሚያክመው ኬሚስቱ ነው፤ ጕድጓዱ የት መቆፈር እንዳለበት የሚያውቀው የሥነ ምድር ባለሙያው ነው፤ ማጣሪያውን የሚሠራው መሐንዲሱ ነው፤ ሕዝቡን የሚያስተምረው የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያው ነው። የጥርስ ሐኪሙም ቢሆን ሕመሙን ቀድሞ የሚያይ ሰው እንደመሆኑ ሌሎቹን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ዕውቀቱ ከጥርስ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ሕፃን ተቅማጥና ትኩሳት ሲይዘው «ግግ ነው» ተብሎ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርሱ በስለት ከድዱ ውስጥ ይወጣል። ይህ ጎጂ ልማድ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቍስል መመረዝ ይዳርገዋል፤ በሥሩ ያለውንም ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ልማዱን ለማስቀረት የሚሠራ ሐኪም የድድን አሠራር ማወቁ ብቻ አይበቃውም። የእናቲቱን ቋንቋና ስጋት፣ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ልብ የሚያገኝበትን መንገድ ጭምር ማወቅ አለበት። ይህን ደግሞ የሚያስተምሩት ብዙ ጊዜ «ትርፍ» ተብለው የሚታለፉት የቋንቋ፣ የታሪክና የማኅበራዊ ኑሮ ትምህርቶች ናቸው። በአጭሩ መንገድ በመጀመሪያ የሚቀነሱትም እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ አጭሩን መንገድ የሚመርጥ ተማሪ ትምህርት ቤቱ የቀነሰለትን በራሱ ንባብ መሙላት ግዴታው ነው እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት፣ ቅድሚያ ውሳኔ የሚጠይቅ ትምህርት የቀረበለት ወጣት አራት ጥያቄዎችን ራሱን እንዲጠይቅ እመክራለሁ። ሥራው በሚሠራበት ቦታ ተገኝቼ ቢያንስ አንድ ቀን አይቻለሁን? ከማዕርጉና ከገቢው ሌላ በሥራው ውስጥ የምወደው ነገር ምንድን ነው? መሐል ላይ ሐሳቤን ብለውጥ ወይም ውጤቴ ዝቅ ቢል በእጄ የሚቀረው ምንድን ነው? ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው፤ እርሱስ የሚሸከመውን ያህል ያውቃልን? አራቱንም በቅን ልቡና የመለሰ ተማሪ አጭሩን መንገድ ያለ ፍርሃት ይያዝ። አንዱን እንኳ ለመመለስ የሚያመነታ ግን ረጅሙን መንገድ ቢመርጥ አንድ ዓመት ጠፋብኝ ብሎ አይዘን። ራስን ለማወቅ የዋለ ዓመት እንደ ባከነ አይቆጠርም።

ምናልባት «እኛ ገና የዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አላለፍን፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶው አራት እንኳ አይሞሉም ነበር። ነገር ግን ይህ ቍጥር የሚያስተምረን አስቀድሞ ማሰብ አያስፈልግም የሚለውን አይደለም። ለምን እንደሚያጠና የሚያውቅ ተማሪ፣ ሌሎች ስላጠኑ ብቻ ከሚያጠናው ይልቅ መጽሐፉን የሚገልጥበት ምክንያት አለው።

ጎረቤቶቼ በመጨረሻ የደረሱበትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ለዐሥራ አንደኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስን መረጠች፤ ኬሚስትነትንም ሆነ የጥርስ ሕክምናን የሚያስቀርባት ምርጫ አይደለምና። የአክስቷን ሐሳብ ግን ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን እስክትጨርስ ድረስ አልተቀበለችውም፤ አልመለሰችውምም። ዕረፍት በሆነ ጊዜ ወደዚያው ክሊኒክ እየሄደች እንድትመለከት ተፈቅዶላታል። አባቷ ይህን መዘግየት በመጀመሪያ አልወደደውም ነበር። አንድ ቀን በሱቁ በር ሳልፍ ግን ከማጉያ መነጽሩ ቀና ብሎ፣ «እኔም እኮ ይህን ወረንጦ ከመያዜ በፊት ጌታዬ ሰዓት ሲፈታ ሁለት ዓመት ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ከልጄ ላይ ለምን እንደቸኮልሁ አላውቅም» አለኝ።

እኔም የምለው ከዚህ የተለየ አይደለም። ቶሎ መድረስ መልካም ነው፤ ወዴት እንደሚደርሱ ማወቅ ግን ከዚያ ይቀድማል። ሥራውን አይቶ የወደደ ሰው በአጭሩ ይሂድ፤ ገና ያላየ ሰው አስቀድሞ ሄዶ ይይ።